ሊቀ ከዋክብት ሰማይ አይተው አያውቁም

ሰኞ፣ 4

ዛሬ ቀዩ እስክሪብቶ ቢሮው ጠራኝ። የመጽሔታችን ዋና አዘጋጅ ነው፤ የጻፍኩትን ሁሉ በቀይ ስለሚያደማው ነው እንዲህ የምለው።

"አዲስ ፕላኔታሪየም፣ የከዋክብት ማሳያ አዳራሽ፣ ተከፍቷል። ሄደሽ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ጻፊልኝ" አለኝ።

"እኔ? ማን ከማን ጋር ተኮራረፈ የምጽፍ ሴት?"

"ከዋክብትም ይታሙ ይሆናል። ጆሮሽን ጣል አድርጊ።"

ከዚያ የኮከብ ቆጠራ ገጼን ጨረስኩ። ይሄን ደብተር የሚያነበው የለም፤ ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው፦ "ሊቀ ከዋክብት" እኔ ነኝ። እውነተኛው ባለ ኮከብ ከስድስት ዓመት በፊት ከአለቃችን ጋር ተጣልቶ ሲወጣ ገጹን "ለጊዜው ያዢው" ብለው ሰጡኝ። ጊዜው ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። አሠራሬ ቀላል ነው። ያምናውን እትም አወጣና ዕድሉን አንድ አንድ ደረጃ አሸጋሽገዋለሁ፤ የሐመል ለሰውር፣ የሰውር ለጀውዛ፣ የጀውዛ ለሸርጣን፣ እንዲያ እያለ ይዞራል። ነቅቶብኝ የሚያውቅ አንባቢ የለም።

ዛሬ ግን ለሸርጣን አዲስ ጻፍኩ። ገጹ ሦስት መስመር ጎድሎ ነበር። እንዲያው የመጣልኝን ነው የጻፍኩት።

ረስቼው። ትናንት እታለም፣ ታላቅ እህቴ ማለት ነው፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "መነጽር ሠሪው ላግባሽ አለኝ" አለችኝ። ልክ ክር አለቀብኝ እንደምትል። በሚቀጥለው ወር በ7 ሌላ ከተማ ሱቅ ሊከፍት ይሄዳል። ከዚያ በፊት መልሷን ማወቅ ይፈልጋል።

"ምን አልሽው?"

"ላስብበት አልኩት።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት።

ባሏ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብረን ነን፤ እሷ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ትሰፋለች፣ እኔ ጓዳው አጠገብ እጽፋለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። ለእሷ ማለቴ ነው።

ሐሙስ፣ 7

መጽሔቱ ወጣ። እታለም እንደ ወትሮዋ መጀመሪያ የገለጠችው የእኔን ዓምድ ሳይሆን የሊቀ ከዋክብትን ነው። (ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄ እንዴት እንደሚያናድደኝ!) ጮክ ብላ አነበበች፦

"ሸርጣን። ሰሞኑን ለቀረበልዎ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ። ባሉበት ይርጉ። መስታወት ነክ ነገር ይጠንቀቁ።"

መቀሷን ቁጭ አደረገች።

"መስታወት ነክ! ሰማሽ? መስታወት ነክ ይልሻል!"

"የመስኮት መስታወት ይሆናል" አልኩ።

"የምን መስኮት! እኚህ ሰው ስድስት ዓመት አንድ ቀን ስተው አያውቁም።"

ስድስት ዓመት አንድ ቀን ገጥሞላቸው አያውቅም፤ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። ግን ምን ልበላት? ሻይ አፈላሁ።

እሁድ፣ 10

መነጽር ሠሪው መጣ። ከንፁህ ሸሚዙ ኪስ ጨርቅ አውጥቶ፣ ሳልጠይቀው የእኔን መነጽር ከአፍንጫዬ ላይ አንሥቶ ወልውሎ መለሰልኝ። ቤታችን ያን ያህል አቧራ እንዳለበት እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለኝ፣ እታለም ጓዳ ስትገባ ጠብቆ።

"እኔ በሰው ሕይወት አልገባም" አልኩት።

ሃያ ዓመት ደሞዝ የምበላው በሰው ሕይወት እየገባሁ ነው።

ሊሄድ ሲል በር ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጆሮዬን ጥዬ አይደለም፤ በሩ ቀጭን ነው።

"ወቅቱ ጥሩ አይደለም ተብሏል" አለችው።

"ማን ነው ያለው?"

"ሊቀ ከዋክብት።"

 በጣም በትሕትና፣ "ስልክ ይኖራቸዋል?" አለ።

ሳቄን በትራስ አፈንኩት። ሳቁ ሲያልፍ ግን መጽሔቱን አንሥቼ አልጋ ሥር ከተትኩት። ቦታ ይዞ ነው።

ማክሰኞ፣ 12

ዛሬ የሆንኩትን እንዴት ብዬ ልጻፈው! ገና አሁንም ወንበሩ ከሥሬ የሚንሸራተት ይመስለኛል።

ፕላኔታሪየሙ ከውጭ ሲያዩት የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ውስጡ ክብ አዳራሽ፣ ወደ ኋላ የሚንጋለሉ ወንበሮች፣ መሐል ላይ ደግሞ የትልቅ ጉንዳን ጭንቅላት የሚመስል ማሽን። እኔን ከአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አስገቡኝ። አስረጂዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ናት፤ አጽናፈ ዓለምን የምታስተዋውቀው አፍንጫዋን እየጠረገች ነው። መብራቱ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰማዩ ቦግ አለ።

ጮህኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አጠገቤ ያለችው ባለ ሁለት ጉንጉን ልጅ "አይዞዎት እማማ፣ ጣሪያ ነው" አለችኝ።

አስረጂዋ በቀይ ጨረር እየጠቆመች እንዲህ አለች፦ ፀሐይ የእግር ኳስ ናት እንበል። ምድር የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። ኳሷን ቤታችሁ በር ላይ ብታስቀምጡ ሰሊጧ ሃያ አራት ሜትር ርቃ ትዞራለች። ሌላኛዋ ቅርብ ኳስ፣ ማለትም ቀጣይዋ ኮከብ፣ የት ያለች ይመስላችኋል?

"ጎረቤት!" አሉ ልጆቹ።

"በአውሮፕላን ስምንት ሰዓት ሄዳችሁ።"

እኔ ነኝ "ኧረ በሕግ አምላክ!" ያልኩት። በመሐሉ ምንም የለም። ምንም! ጎረቤት የለ፣ ሱቅ የለ፣ ሐሜት የለ። እኛ በዚያች ሰሊጥ ላይ ተደራርበን ማን ማንን አገባ እንባባላለን። ሳቅ ይዞኝ ወንበሩ ይንጫጫ ጀመር። ደስታ ነው እንዳልል ፍርሃት ነበረበት፤ ፍርሃት ነው እንዳልል ደግሞ ድገሚኝ ድገሚኝ የሚል። በልጅነቴ እታለም ሁለት እጄን ይዛ ስታሽከረክረኝ ነበር እንዲህ የምሆነው።

ከዚያ ጉዱ መጣ። አስረጂዋ የአሥራ ሁለቱን ኮከቦች ሥዕል ሰማዩ ላይ አበራችና፣ "መጽሔት ላይ የሚጻፈውን አትመኑ" አለች። ምድር እየዞረች፣ ሊቆም ሲል እንደሚንገዳገድ የልጆች ሾር፣ ትወዛወዛለች፤ አንዱ ውዝዋዜ ሃያ ስድስት ሺህ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ጥንት ስሙ ሲወጣ ከነበረበት ሁሉም አንድ ደረጃ ያህል ተንሸራትቷል። "ሸርጣን ነኝ የሚል ሰው ሲወለድ ፀሐይ የነበረችው አብዛኛውን ጊዜ ጀውዛ ውስጥ ነው።"

አንድ አንድ ደረጃ! እኔ ከስንፍና የማሸጋሽገውን ሰማዩ ራሱ ሲያሸጋሽገው ኖሯል!

በዚያች ሰዓት ግን የመጣልኝ ሌላ ነው። እታለም ሸርጣን አይደለችም። ጀውዛ ናት። ያቺ የሦስት መስመር ነገር እሷን አትመለከትም።

ረቡዕ፣ 13

በችኮላ። ዘዴ አገኘሁ። ለጀውዛ ጥሩ ነገር እጽፋለሁ። እታለምን ፕላኔታሪየም እወስዳታለሁ። አስረጂዋ ጀውዛ ነሽ ትላታለች። እታለም የጀውዛን ታነባለች። አለቀ። ማንም ለማንም ምንም መናዘዝ አያስፈልገውም። የሚናዘዝ ነገር ካለ ማለቴ ነው፤ ገጹ ጎድሎ ነበር።

ሰኞ፣ 18

ጻፍኩ። "ጀውዛ። እሺ ይበሉ። ያለ ምንም ማንገራገር እሺ ይበሉ።" አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰርዤ ነው እዚህ የደረስኩት። የጠላሁት ቃል ሆኖ ነው መሰል እስክሪብቶው አልሄድ ይለኝ ነበር።

እታለም በእራት ላይ "ፊትሽ ቀልቷል፣ ትኩሳት አለሽ እንዴ?" ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። መዳፏ በመርፌ የተወጋጋ ነው። ሻካራ።

ሐሙስ፣ 21

ቢሮው አብዷል። ቀዩ እስክሪብቶ ጀውዛ ነው። ጠዋት ጸሐፊዋ ፈቃድ ጠየቀችው፣ እሺ። ገጽ ሠሪው አዲስ ወንበር፣ እሺ። ካርቱን ሠሪው ለካ ለሁለት ዓመት አለቃውን ራሱን ለመሣል ሲለምን ኖሯል፤ እሺ!

"ኧረ አንተ ሰው፣ ገጹን እኔ እንደምጽፈው ታውቅ የለም ወይ?"

"አውቃለሁ" አለኝ፣ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ። "ግን ድንገት ቢሆንስ?"

ቤት ስገባ እታለምን ያዝኳት። "ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ባዶ ነሽ። ፕላኔታሪየም እንሂድ።"

"የሙሽራ ቀሚስ ይዤ የምን ጨረቃ ነው የምታሳዪኝ?"

"ለሥራዬ ነው። ብቻዬን ያዞረኛል።"

ይሄን ስላት ወዲያው "እሺ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ" አለች። ብቻዬን ያልኳትን ነገር እምቢ ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ 23

ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ለጓደኛዋ ስትል ሰማሁ፦ "እሷስ በሄደች ነበር፤ ታናሽየዋ እኮ ናት አላስወጣ ያለቻት።"

የማንን ነገር እንደሚያወሩ አላወቅኩም። ሰው ወሬ ሲያጣ መቼም አያርፍም።

ምሳ አልበላ አለኝ።

ሐሙስ፣ 28

ክንዴ በልዟል። እንደ ቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እታለም ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንጋለል "ወይኔ፣ የጥርስ ሐኪም!" አለች። ሰማዩ ቦግ ሲል ግን እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። የአስረጂዋ ጉንፋን ለቋታል። ሁሉም እንደ ዘዴዬ ሄደ፤ አሥራ ሁለቱ ሥዕሎች በሩ፣ አስረጂዋ "እስቲ ሸርጣን የሆነ ሰው?" አለች፣ እታለም እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

"እናቴ፣ እርስዎ በእውነቱ ጀውዛ ነዎት።"

"እና ሊቀ ከዋክብት ዋሹኝ?" አለች እታለም፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

"ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ግን ቀና ብለው ሰማይ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርሴ ብቻ።

ከዚያ ጉዞው ተጀመረ፤ ከምድር ተነሥተን ወደ ውጭ።

"ስድስት ዓመት ያነበብኩት የሰው ዕድል ነዋ!" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ለዚህ እኮ ነው የጀውዛን የምታነቢው" ብዬ መጽሔቱን ከቦርሳዬ መዘዝኩ። በዚያ ጨለማ!

"አልፈልግም። የጀውዛም፣ የሸርጣንም፣ የማንም። በቃኝ።"

ዘዴዬ እንደ ጤዛ ረገፈ። "ታዲያ መነጽር ሠሪውን ምን ልትዪው ነው?"

ማርስን ስናልፍ አልመለሰችም። ጁፒተርን ስናልፍ አልመለሰችም። ሳተርን ከነቀለበቱ ግንባራችን ላይ ሲደርስ፣ "እኔ እኮ ገጹን ሰበብ ነው ያደረግኩት" አለች። "ሰውየውን እወደዋለሁ። ግን አንቺን ለማን ጥዬ? እንቁላል ስትቀቅዪ እንኳ ድስት የምታቃጥዪ ሴት።"

 ዩራነስ አለፈ። ኔፕቱን ላይ፣ "ሊቀ ከዋክብት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ የምጽፈው። ስድስቱንም ዓመት። የሸርጣኑን ደግሞ..." ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ። "ገጹ አልጎደለም ነበር። ከነገርሽኝ ማግስት፣ አውቄ ነው የጻፍኩት። እንዳትሄጂብኝ።"

ይኸው። ደብተሩንም ዋሽቼው ነበር፤ አሁን ተጻፈ።

አስረጂዋ "ከዚህ በኋላ ለብዙ፣ ለብዙ ጊዜ ምንም የለም" አለች። እውነቷን ነው፤ ምንም አልነበረም። እጄን ለቀቀችው። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ የሚሰማው የእታለም ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከዚያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። በልጅነታችን የምታውቀውን ቁንጥጫ፣ ይዞ የሚያዞረውን። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሷም ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ አለቀሰች ብዬ ልቤ ሊወጣ ሲል፦

"መስታወት ነክ!" አለች፣ እየታፈነች። "መስታወት ነክ ነገር... ይጠንቀቁ!"

በሳቅ አለቅን። ሁለታችንም። ወንበሮቹ ተንጫጩ፣ ቦርሳዋ ወደቀ፣ እኔ በሳቅና በልቅሶ መሐል ትን አለኝ። አስረጂዋ ቀዩን ጨረር እኛ ላይ አድርጋ፣ "ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያላችሁ እናቶች፣ ገና ጋላክሲው ጋ አልደረስንም!" አለች።

እታለም ተነሣች። "የት ነው?" አልኳት።

"ሱቁ ሳይዘጋ። አንቺን ግን ገና አልጨረስኩሽም፤ ቤት እንገናኛለን።"

ጥላዋ በከዋክብቱ ወንዝ፣ በፍኖተ ሐሊብ፣ ላይ አልፎ ሄደ። የምሬን ነው፤ ትከሻዋ ላይ ስንት ሚሊዮን ኮከብ ተሸክማ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ" እያለች በሰው ጉልበት መሐል ስትሹለከለክ።

እኔ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ጋላክሲያችን ራሱ ነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ነጥቡም ከሌሎች ነጥቦች ጋር ተደባልቆ ጠፋብኝ። የት ነበርን? በጣቴ ልጠቁም ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ የሚሄድ ሰውና የሚቀር ሰው አንድ ቦታ ላይ ናቸው። የስፌት ክፍሏና የእሱ አዲስ ሱቅ በአንዲት ሰሊጥ ቆዳ ላይ፣ በማይታይ ርቀት። ይሄ የሚያስለቅስ መስሎኝ ነበር። ግን ከአዳራሹ የወጣሁት በእግረኛ መንገዱ ላይ እየተውረገረግኩ ነው፤ ጫማ ጠራጊው "እማማ፣ በሰላም ነው?" እስኪለኝ።

ዓርብ፣ 29

ሻይ ሰጠችኝ። ያለ ስኳር። ቅጣት ነው፤ ጠጣሁት።

"እሺ አልኩት" አለች፣ ለግድግዳው።

እኔም ለግድግዳው "እንኳን ደስ አለሽ" አልኩት። በሦስተኛው ስኒ ስኳር ገባ።

ሰኞ፣ 2

ክብር መዝገብ ሄደው ፈረሙ። ምስክሯ እኔ ነኝ። ጸሐፊው "ይህን ጋብቻ የሚቃወም አለ?" ሲል እታለም ዞራ አየችኝ። ሙሽራዋ ምስክሯን በዓይኗ ስትገላምጥ ያየሁት በሃያ ዓመት የሠርግ ወሬ ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው። "ኧረ የለም!" አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

መነጽር ሠሪው ደረጃው ላይ ጠጋ አለኝ። ነግራዋለች ማለት ነው።

"ሊቀ ከዋክብትን ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር።"

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። "ምን ሊሏቸው?"

"ዓይናቸውን ልለካቸው። ቅርብ ያለውን ጥሩ አድርገው ሳያዩት አልቀሩም፤ ሩቁ ነው የደከማቸው።"

ፈገግ ብሎ ጨርቁን አወጣ። መነጽሬን ራሴ አውልቄ ሰጠሁት።

ገጹን ለቀዩ እስክሪብቶ መለስኩለት። ከዚህ በኋላ አስረጂዋ ትጽፈዋለች፤ በየሳምንቱ ማታ ማታ ሰማይ ላይ በእውነት ምን እንደሚታይ። "የእኔን ዕድልስ ማን ይነግረኛል?" አለኝ። ፊቱ እንዳዘነ ልጅ ሆነ።

ቅዳሜ፣ 7

ሄዱ። በችኮላ፣ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቷል።

የስፌት መኪናውን ለአራት ሆነው ተሸክመው ጫኑት። የቆመበት ቦታ ላይ ወለሉ ቀለሙ ሌላ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ንፁህ። እንቁላል እንዴት እንደሚቀቀል ወረቀት ላይ ጽፋ ትታልኛለች። ሰባት ተራ ቁጥር አለው።

እሁድ፣ 8

እንቁላሉ በተራ ቁጥር አምስት ላይ ፈነዳ።

አሁን ደወለች። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ጎረቤቶቹ ወሬኛ ናቸው ("ትወጃቸዋለሽ")፣ ሰውየው ያንኮራፋል፣ መስኮቱ ደስ ይላል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

"ምን በላሽ?"

"በላሁ።"

"ምን?"

"...እንቁላል።"

 ሳቋን እየዋጠች እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስሚ፣ እዚህ የመንገድ መብራት የለም" አለች። "ትናንት ማታ ከደጅ ወጥተን ቀና ብንል፣ ያ ያሳየሽኝ ሁሉ አለ። እውነተኛው! ጣሪያ የሌለው! እሱን 'ይሄ ጀውዛ ነው' ስለው 'እሱማ አውሮፕላን ነው' አለኝ። ነይና አንቺ ፍረጂን።"

"መቼ?"

"መቼ ትያለሽ እንዴ! ዛሬ ነዋ!"

ይሄን የምጽፈው አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አድርጌ ነው፤ ሌላኛው ጫማ የት ገባ? ሹራብ ይዣለሁ፣ መነጽር ይዣለሁ፣ ነገ ቢሮ አልገባም፤ ቀዩ እስክሪብቶ እሺ ይላል። አውቶብሱ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። መንገዱ አራት ሰዓት ነው፤ ለብርሃን የሰከንድ ሽራፊ፣ ለእኔ አራት ሰዓት። ስደርስ ይጨልማል።

እሰየው! ይጨልም።